የግራ ጉንጭ ዐቢይ ኮሚቴ

ሕዝብን ያለ እንግልት ለማገልገል ቆርጦ የተነሳ አንድ የአዳማ መሥሪያ ቤት በዘመኑ ብዙ ድል አስመዝግቧል፤ እንደ ወይዘሮ ፍሬሕይወት እብጠት የተረባረበበት ጉዳይ ግን የለም። እብጠቷ ይህን ሁሉ ክብር አለማወቋ ነው የሚያሳዝነው።

ፍሬሕይወት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። በግራ ጉንጯ ላይ ምስር የምታክል እብጠት ከወጣችባት ሰባት ወር ሆናት። ሎሚ ቀባች፣ ነጭ ሽንኩርት ቀባች፣ እብጠቷ ወይ ፍንክች! የመድኃኒት ቤቷ ዙለይካ አየችና፣ ሲታጠቡት የሚደማ፣ አልድን ያለ ነገር ዝም አይባልም፣ ቶሎ ለቆዳ ሐኪም አሳዪው አለቻት። ከዚያ ወዲያ ምግብ አልወርድላት አለ። ክፉው በሽታ ቢሆንስ?

የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ኃላፊው አቶ ማስረሻ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ጉዳዩን አቃለው በአንድ ፊርማ አልሸኟትም። የሠራተኛ ፊት የተቋሙ ፊት ነው ብለው ሰባት አባላት ያሉት ዐቢይ ኮሚቴ አቋቋሙላት። ኮሚቴው ባቱ ወርዶ፣ ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ዓሣ እየበላ የእብጠቷን መንስኤ በጥልቀት ገመገመ። የአመለካከት ችግር ሆኖ ተገኘ። ፍሬሕይወት ግለ ሂስ አድርጊ ተባለች፤ ምን ታድርግ፣ አደረገች።

የሩብ ዓመቱ ሪፖርት እብጠቷ በሰማንያ አምስት በመቶ መቀነሷን አበሰረ። ፍሬሕይወት መስታወት ብታይ ጭራሽ ሽምብራ አክላለች።

«አቶ ማስረሻ፣ ፈቃዴስ?»

«የቀረሽ አሥራ አምስት በመቶ ነው። ለእሱ ሐኪም ቤት ይኬዳል?»

ይባስ ብሎ ከአርሲ ነገሌ የልምድ ልውውጥ ቡድን መጣ፤ ውጤቱን በአካል ሊጎበኝ። ፍሬሕይወት የዚያን ዕለት በምሳ ሰዓት ሹልክ ብላ ባጃጅ ተሳፈረች። ሐኪሙ አደንዝዞ፣ ቆርጦ፣ በሁለት ስፌት ዘጋላትና የቆረጠውን ለምርመራ ላከው። ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ፕላስተር ጎበኙ።

በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ጥፋቷ የተቋሙን ምርጥ ተሞክሮ ያለ ፈቃድ ማስወገድ ነበር። በሳምንቱ የምርመራው ውጤት መጣ፤ ለክፉ የሚሰጥ አልነበረም። ፍሬሕይወት በደስታ አለቀሰች፣ ደብዳቤውም ትዝ አላላትም።

ያን ቀን አቶ ማስረሻ አስጠሯት። በሩን ዘጉና የሸሚዛቸውን ኮሌታ ገለጥ አድርገው ከጆሯቸው ሥር ያለ እብጠት አሳዩዋት። አራት ወሩ ነው፣ ሲነኩት ይደማል አሉ። የሐኪሙን አድራሻ ፈልገው ነበር።

ፍሬሕይወት ጠጋ ብላ አየችው። ከልቧ አዘነችላቸው።

«ዐቢይ ኮሚቴው ቢያየው አይሻልም?» አለቻቸው።

«ኧረ በማርያም፣ ፍሬሕይወት! ኮሚቴ ምን ያደርጋል? እዚህ እኮ የታመመው ሰው ነው» አሉ አቶ ማስረሻ።