የወይዘሮ ፓንግ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ

በየሰፈሩ ቢል ሲመጣ ደሙ የሚፈላ አንድ ሰው አይጠፋም። የቀረነው አይተን፣ ተንፍሰን፣ እንከፍላለን። በእኛ በፑሳን ወደብ ሰፈር ይህን ሹመት የያዙት ክብርት ወይዘሮ ፓንግ ማል-ሱን፣ ዓሣ ቸርቻሪዋ ናቸው።

ውሃ ክፍሉን ሁለቴ ረትተዋል። አንዴም የአውቶቡስ መልስ ቢቀርባቸው እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደው፣ ሳንቲማቸውን ተቀብለው፣ በነፃ ተመልሰዋል። "ስህተቱ የማን ነው? የእኔ ነው?" ሲሉ ሠራተኛ ሁሉ ወደ ጓዳ ይገባል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከረረ። አንድ ልጃቸው ቶንግ-ጁ ባሕር ማዶ ሳኦ ፓውሎ ልብስ ይሰፋል። የአባቱ ሙት ዓመት ሲደርስ እናት ማዕዱን ዘርግተው ደወሉለት፤ የስልኩን እጀታ ከሩዙ አጠገብ አጋደሙት፤ ልጁም እዚያ በስፌት መኪናዎቹ መካከል ሰገደ። ሟቹ ብቻቸውን እንዲበሉ እንደ ደንቡ ወጥተው በሩን ዘጉ፤ መግባታቸውን ለሟቹ ለማሳወቅ ሦስት ጊዜ አስለው ገቡ፤ ልጃቸውን ተሰናበቱ። አርባ ደቂቃ አይሞላም። ቢሉ ሲመጣ ሦስት ሰዓት ይላል!

ወደ ስልክ ቢሮው የደንበኞች አገልግሎት ደወሉ። "እባክዎ ይጠብቁ።" ሙዚቃ። ሌላ ክፍል። ያው ሙዚቃ። በአራተኛው ቀን ዜማውን እያንጎራጎሩ ዓሣ ይቀረድዱ ጀመር። በአምስተኛው ቀን አንዷ ሠራተኛ፣ "በአሥር ቀን ካልከፈሉ መስመሩ ይቆረጣል" ብላ ዘጋችባቸው። የአማታቸው ሙት ዓመት ደግሞ ከዚያ ዕለት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ልጁ በምን ይስገድ?

ምንጣፋቸውን ጠቅልለው፣ ማዕዱንና መጠጡን ይዘው ወደ ስልክ ቢሮው ገሰገሱ። እኔም ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ተከተልኩ፤ እንዲህ ያለው አያመልጥም።

"እማማ፣ ኮምፒዩተር አይሳሳትም" አሏቸው ኃላፊው፣ አቶ ቻ።

"ልጄ፣ ሰዓትህን አውጣ። እንቁጠር!"

መስኮት ቁጥር ሦስት ፊት አነጠፉ፣ ማዕዱን ዘረጉ፣ መጠጡን ቀዱ፣ ሰገዱ። ከዚያ ዞር አሉና፣ "ሁላችሁም ውጡ! ሟቹ እየበሉ ነው!"

ደንበኛው፣ ጸሐፊዋ፣ ዘበኛው፣ ሁላችንም ደጅ ወጣን። አቶ ቻ ለካ የቤታቸው የበኩር ልጅ፣ ይህንኑ ሥርዓት በየዓመቱ የሚመሩ ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ውስጥ ስልኮቹ ይንጫረራሉ፤ ወይዘሮ ፓንግ ሦስቴ እስኪያስሉ ግን ንቅንቅ ያለ የለም። ሁሉም አልቆ ሰዓቱ ሲታይ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ!

ኃላፊው ላባቸውን ጠረጉ። "ስህተቱ የእኛ ነው፣ እማማ። እናስተካክላለን። በሩ የተዘጋበትንም ደቂቃ እንተውልዎ፤ ያወራበት የለም።"

"እንዴት ተደርጎ! ባሌ ለምኖ በላ ሊባል? ሠላሳ ስምንቱንም እከፍላለሁ። ሠላሳ ዘጠነኛዋን ግን እስቲ ሞክራት!"

በአማታቸው ሙት ዓመት፣ "ቶንግ-ጁ፣ ስገድ!" የሚለው ድምፃቸው እስከ ፀጉር ቤቴ ዘለቀ። ቀጥሎ በራቸው ሲዘጋ ሰማሁ። ሬዲዮኔን አጠፋሁ፤ ምላጬንም አየር ላይ አቆምኩ።

"ምነው፣ ምን ሆንክ?" አለኝ ጢሙ ግማሽ የቀረው ደንበኛዬ።

"ሦስት ሳል እስክትሰማ ዝም በል" አልኩት ደረቴን ነፋ አድርጌ። "ሙሉ ሂሳብ የተከፈለበት ጸጥታ ነው።"