የወል ስፖኪዮ

ሰውም እንደ ሞተር ሳይክል በየዓመቱ ቢመረመር ኖሮ ከመካከላችን ስንቱ ቦሎ ያገኝ ነበር? እስቲ እናንተው መልሱልኝ። ጉልበታችን ረግቦ፣ ዓይናችን ደብዝዞ፣ ምላሳችን ፍሬን አጥቶ ዓመት ከዓመት እንመላለሳለን፤ መንገድ ዳር አስቁሞ «ለመሆኑ አንተ ለመሄድ ብቁ ነህ?» የሚለን የለም። የኛ ምርመራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም መጨረሻ ላይ። በዚያ ላይ የሚዋሱት ዕቃ የለም።

ሞተር ግን ዕድሉ ሆኖ በየዓመቱ መርማሪ ፊት ይቀርባል። ምን ምን እንደሚገኝበት ልንገራችሁ? ፍሬቻው አይበራም፤ ከበራም ወደ ግራ ሊታጠፉ ሲሉ የቀኙ ነው የሚበራው። የኋላ መብራቱ ፍሬን ሲይዙ ይጠፋና ሲለቁ ይበራል። ጎማው ተላጭቷል፤ ካቴናው ረግቧል፤ የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል። ክላክሱን አህያ ፊት ቢነፉት አህያዋ ዞር ብላ ታያለች፣ ታዝናለች፣ መንገዷን ትቀጥላለች። ስፖኪዮ የሚባለው የኋላ ማያ መስታወትማ ገና በገባ በወሩ ወድቆ ይቀራል፤ ከኛው ከስማዳ መንገድ ጋር ተስማምቶ ዓመት የከረመ ስፖኪዮ እኔ አላየሁም። እኔን የሚገርመኝ ታዲያ የሞተሩ መበላሸት አይደለም፤ መሄዱ ነው። ይህን ሁሉ ጉድ ይዞ፣ አንድ ኩንታል ገብስና አንድ በግ ከነባለቤቱ ጭኖ ያን ዳገት ይወጣዋል። በኛ አገር ሞተር አይበላሽም፤ ይለምዳል። ባለቤቱም አብሮ ይለምዳል።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ወገዳ ተቀምጬ ከከተማው ወዲያ ያሉ ሦስት ቀበሌዎችን በገዛ ሞተሬ እየዞርሁ አክማለሁ፣ እከትባለሁ። ግንቦት ላይ፣ እርሻ ሊገባ ሲል፣ ጥማድ በሬው የታመመበት ገበሬ ስልክ ሲደውል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሰላምታውን እንኳ አይጨርሰውም። ያለ ቦሎ ደግሞ መንገድ ላይ መውጣት የለም። ሞተሬ ግቢ ውስጥ ከቆመ ክትባቱ በረዶው ቀልጦበት ይበላሻል፣ በሬውም እኔን ሲጠብቅ ይሞታል። እንግዲህ ያን ዓመት ቦሎ ማግኘት ለኔ ወረቀት የመለጠፍ ጉዳይ አልነበረም።

ለዚህ ደግሞ ወገዳዎች መላ አናጣም። ዕድርን ታውቁታላችሁ። ማንም ለራሱ ለቅሶ ብሎ ድንኳን አይገዛም፤ ሞት በተራ ስለሚመጣ ድንኳኑም በተራ ይዞራል። እኛም ባለሞተሮቹ እንዲሁ አሰብን፤ ምርመራ በተራ ከሆነ ስፖኪዮ ለእያንዳንዱ ሰው ምን ይሠራለታል? ተዋጥተን አንድ ጥንድ ስፖኪዮ፣ አራት ፍሬቻ፣ አንድ የኋላ መብራትና አንድ ሬሳ የሚቀሰቅስ ክላክስ ገዛንና ጆንያ ውስጥ አስቀመጥን። ለምርመራ የሚቀርበው ሰው ይገጥመዋል፤ ቦሎውን ለጥፎ ሲመለስ ፈትቶ ጆንያው ውስጥ ይመልሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? የጆንያው ጠባቂ እኔ ነበርሁ፤ በታማኝነቴ ተመርጬ። ዘዴውን የተማርነው ከሞት መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አላልሁም።

ተራዬ ደርሶ ምርመራው ወዳለበት ወደ ንፋስ መውጫ ልነሣ ስል መሪጌታ ላየህ «ልጄ፣ እኔንም አድርሰኝ» አሉኝ። መሪጌታ የድጓ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ መነጽር ሊያሠሩ ነው። የሚደንቀው እንቅልፋቸው ነው። ተማሪዎቹ ዙሪያቸውን ተቀምጠው ሲያዜሙ እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ያንቀላፋሉ። ከልጆቹ አንዱ አንዲት የዜማ ምልክት የሳተ እንደሆነ ግን ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተመለስ!» ይላሉ። ሃያ ልጅ በአንድነት ሲጮህ የሳተውን በስሙ ነው የሚጠሩት።

ገና ከወገዳ ሳንርቅ መቋሚያቸውን በመካከላችን አጋድመው፣ ጋቢዬን ጨብጠው አንቀላፉ። አርብ ገበያ ደረስን። ቀኑ ገበያ ነበርና የጆንያውን ክላክስ ብነፋው ገበሬው ከነአህያው መንገድ ለቀቀልኝ። እንዲህ ያለ ክብር አግኝቼ አላውቅም። መሪጌታ በዚያ ሁሉ ጩኸት አልነቁም። ገበያውን አልፈን፣ መንገዱ ጭር ብሎ፣ እኔም በራሴ ክላክስ እየተደሰትሁ ስሄድ ግን ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ተመለስ!»

«ምን ረሱ መሪጌታ?»

«የረሳሁት የለም። የሞተርህ ፊተኛው እግር ይስታል። ሦስቱን ይልና አራተኛውን ይውጠዋል።»

ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። «ሞተር ሁሉ እንዲህ ነው መሪጌታ» አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ ግን እስከ ንፋስ መውጫ አላንቀላፉም፤ ጋቢዬን የጨበጠው እጃቸው በየኩርባው ጠበቅ ሲል ይሰማኝ ነበር።

መርማሪው አቶ ሙላት ይባላሉ፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። ፍሬቻ አሉኝ፣ አበራሁ። ክላክስ አሉኝ፣ ነፋሁ፤ ግቢው ውስጥ የነበሩ ዶሮዎች ተበተኑ። ፍሬን ያዝ አሉኝ፣ የኋላው መብራት እንደ ሕጉ በራ። በልቤ ስለት እየተሳልሁ ነው። እሳቸው ግን ወደ ቀኙ ስፖኪዮ ጠጋ ብለው፣ አቧራውን በመዳፋቸው ጠርገው፣ እንደ ቆየ ወዳጅ ተመለከቱት።

«የዕድሩ ዕቃ ደኅና ነው» አሉ። «አሁን ያንተን አሳየኝ።»

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። መፍቻ ሰጡኝ። ተራ የሚጠብቀው ባለሞተር ሁሉ እያየኝ አንድ በአንድ ፈትቼ ጆንያው ውስጥ ከተትሁ። ሞተሬ ላባው እንደተነጨ ዶሮ ቆመ። አቶ ሙላት የስፖኪዮውን ጀርባ ገልብጠው አሳዩኝ፤ በምስማር የተጫሩ ሰባት ጭረቶች አሉበት። ለካ ባሳለፉት ቁጥር አንድ አንድ ያደርጉበት ኖሯል። ጣታቸውን ሰባተኛው ላይ አሳረፉ።

«ይህ የደጀኔ ነው።»

ደጀኔ የወገዳ ልጅ ነበር፤ በሞተር ሰው የሚያመላልስ፣ ሳቂታ፣ ባልንጀራዬ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ቦሎውን ለጥፎ በተመለሰ በወሩ ቁልቁለት ላይ ፊተኛው ጎማ ድንገት ቀጥ አለበትና ገደል ገባ። «ቀኑ ደርሶ ነው» ብለን ቀበርነው። የዕድሩን ድንኳን ተክለን ሦስት ቀን ተቀመጥን። ስፖኪዮው ምንም አልሆነም፤ በዚያ ሰዓት እኔ ቤት ጆንያው ውስጥ ነበር።

«የመረመርሁት ስፖኪዮውን ነው፤ የፈረምሁት ግን ለልጁ ነው» አሉ አቶ ሙላት፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «የውሰት መሆኑን አውቅ ነበር። ወገዳ ሩቅ ነው፣ ይንገላታል ብዬ አዘንሁለት። ከዚያ ወዲህ ከወገዳ የመጣህ የመጀመሪያው አንተ ነህ። ላንተ አላዝንም።»

ፊተኛውን ጎማ ከመሬት አንሥተው በድንጋይ አስደገፉት። ወዘወዙት፤ አልተነቃነቀም። አሽከረከሩት፤ ዞረ። «ይህስ ደኅና ይመስላል» አሉና ወደ ኋለኛው ሊያልፉ ሲሉ፣ እኔም በረጅሙ ስተነፍስ፣ መሪጌታ ከተቀመጡበት ተነሥተው በመቋሚያቸው መንገዱን እየፈለጉ መጡ።

«እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አሉ።

የመቋሚያውን ጫፍ ጎማው ከሚዞርበት እምብርት ላይ አሳረፉና ራሱን ከጆሯቸው ሥር አስጠጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ሙላት አሽከረከሩ። ግቢው ጸጥ አለ፤ ተራ የሚጠብቁት እንኳ ማን እንዳዘዛቸው እንጃ ሞተራቸውን አጠፉ። እኔ የምሰማው የጎማውን ንፋስ ብቻ ነው። መሪጌታ ግን በግራ እጃቸው ጣት አየሩን ይመታሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አራተኛው ላይ ጣታቸው ትቆማለች። እንደገና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንደገና ትቆማለች።

«እዚህ ውስጥ የተሰበረ ነገር አለ» አሉ።

አቶ ሙላት አፋቸውን ይዘው ቀሩ። «ይህን እኔ ካቻቢቴ ጆሮዬ ላይ ተክዬ ነው የማዳምጠው፤ እሱንም የተማርሁት በስንት ዓመት ሥራ ነው። እርስዎን ማን አስተማረዎት አባቴ?»

«ማሕሌት ነዋ! መቋሚያውን ተደግፈን ስንቆም ከበሮው በእሱ በኩል ይመጣል። ከጆሮ እንጨቱ ቀድሞ ይሰማል።»

ፈታነው። ኩሽኔታ ይሉታል፤ ጎማው የሚሽከረከርበት፣ ውስጡ ትንንሽ የብረት ኳሶች የተደረደሩበት ቀለበት ነው። ሦስቱ ኳሶች ተሰነጣጥቀዋል፤ አንዱ ጭራሽ ዱቄት ሆኗል። አቶ ሙላት ዱቄቱን በጣታቸው ቆንጥረው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና «ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ይቆልፍብህ ነበር» አሉኝ። አጠገቤ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ተአምር ሲነበብ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው፣ ያውም ጥቁር ቅባት የነካው። እኔ ቦሎ እንዲሰጠኝ ስለት ስሳል መልሱ ለካ ከኋላዬ ተፈናጦ፣ ጋቢዬን ጨብጦ አብሮኝ መጥቷል።

ቦሎ አልተሰጠኝም። ሞተሩም ኩሽኔታ እስኪመጣለት እዚያው ቀረ። በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ክትባቱን በተከራየሁት በቅሎ አዳረስሁት፤ አንድ በሬ ግን ሳልደርስለት ሞተ። ባለቤቱን ይቅርታ ስጠይቀው «ይሁን፣ አንተ ተርፈሃል» አለኝ።

የዚያን ዕለት በአውቶቡስ ስንመለስ ጆንያው ጉልበቴ ላይ ነበር። መሪጌታ «ደጀኔ አንድ ቀን በሞተሩ አሳፍሮኝ ነበር» አሉ። «የሱም እንዲሁ ይስት ነበር። ብነግረው ‹ሞተር ሁሉ እንዲህ ነው መሪጌታ› አለኝ። እኔም የቤተ ክርስቲያን ሰው በብረት ነገር ምን አገባኝ ብዬ ተውሁት።»

ቃል በቃል የኔው መልስ ነው። እስቲ አስቡት፤ መሪጌታ ሰምተዋል፣ አቶ ሙላት አይተዋል፣ እኔ አውሻለሁ። ሦስታችንም ትንሽ ትንሽ እናውቅ ነበር፤ ለቅሶው ላይ ግን «ቀኑ ደርሶ ነው» አልን። እግዚአብሔር ላይ ስንቱን ነው የምናላክከው! አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይላሉ። መሪጌታ እንኳ ሲተኙ የእውነታቸውን ነው።

ከአርብ ገበያ ወዲህ አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲይዝ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንቀላፉ ስል መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ተከሉና ጆሯቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ።

«ደኅና ነው መሪጌታ?» አልሁ።

«ዝም በል። ገና ሦስቱን እያለ ነው።»

ከፊታችን የተቀመጠችው ሴትዮ ይህን ሰምታ ወሬዋን አቋረጠች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ስልኩን ዘጋ። ሾፌሩም በስፖኪዮው አየንና፣ የራሱ ነው፣ አልተዋሰውም፣ ዘፈኑን አጠፋ። እስከ ወገዳ ድረስ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ጎማ ሲያዳምጥ ሄደ።