አንዴ ጠይቆ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ

የሰው ልጅ እሳት ካነደደበት ቀን አንስቶ ወደ ሥልጣኔ ሲገሰግስ ኖሮ፣ በመጨረሻ የደረሰበት ከፍታ "አልበላም" ያለውን እንግዳ አምኖ ሳህኑን ማንሳት ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የወጡ ሕዝቦች ጥቂት ናቸው። ሆላንዶች ከወጡ ቆይተዋል። እኛም ባለፈው ሰኔ፣ ሮተርዳም ጥግ ሆግቭሊት በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ለግማሽ ቀን ያህል ወጥተን ነበር። ከዚያ እንዴት እንደወረድን ለትውልድ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። ሌላው ቢቀር፣ ሲወርዱ ጉልበት እንዳይሰበር ያስተምራል።

ያወጣችን የልጄ ልጅ ዮሃና ናት። ድግስ መደገስን ትምህርት ቤት ገብታ የተማረች የመጀመሪያዋ የቤታችን ሰው እሷ ናት። ከእሷ በፊት የነበርነው ሁሉ ሳንማር ስንደግስ ኖረን፣ እንግዶቻችንም በዕድል ብቻ ጠግበው ሲሄዱ ኖረዋል። አሁን የራሷን የድግስ ድርጅት ከፍታለች። የመጀመሪያ ሥራዋ የወዳጆቻችን ልጅ የረሆቦት ሠርግ ሆነ። ረሆቦት የምታገባው ባስ የሚባል የሆላንድ ልጅ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ቁመቱ አምፖል ስለሚያስነካው ብቻ እሰጋለታለሁ።

የረሆቦት ታላቅ አጎት ደግሞ ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው፣ የዴንሃጉ። በዚህ አገር ባለው አበሻ መካከል ጋሽ ማንደፍሮ ሳይመርቁት የሚጸና ትዳር የለም፤ "ጥሩ ሠርግ ነበር" ሳይሉም ጥሩ የሚባል ሠርግ የለም። እሳቸው ጥሩ ነበር ካሉ፣ ከአምስተርዳም እስከ ሮተርዳም ያለች ሙሽራ ሁሉ ዮሃና በር ላይ ትሰለፋለች። ዝም ብለው ኮታቸውን ካነሱ ግን ሙሽሮቹም ሳይመረቁ ይቀራሉ፣ የልጄ ልጅ ድርጅትም በክርስትናዋ ቀን ተቀበረች ማለት ነው። ይህን እያሰብኩ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ዮሃና ግን ትተኛ ነበር። ትምህርት መልካም ነው።

እኔ አሳላፊ የሆንኩት፣ ከተቀጠሩት አሳላፊዎች አንደኛው አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት ሰፈር ውስጥ ከብስክሌት ወድቆ እጁ ስለተሰበረ ነው። ብስክሌት ሰው ይጨርሳል እያልኩ ስለፈልፍ የሚሰማኝ አልነበረም፤ እንኳን ደስ አላችሁ። ሱሪ አልለብስም ስላልኩ ጥቁር ቀሚስ ተፈቀደልኝ። ደረቴ ላይ "እናትነሽ፣ ጀማሪ" የሚል ባጅ ተለጠፈልኝ። ጆሮዬ ውስጥም የዮሃና ድምፅ የሚመጣባት ሚጢጢ መስሚያ ገባች። መብረቅ ቢመጣ ይቺ ነገር ምን ትሆናለች ብዬ ጠየቅኩ።

የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠናው የተካሄደው ስሎተርቫርት በሚባለው ሰፈሬ፣ እኔው ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። አሠልጣኙ አንድ የፈረንሳይ ፊልም ነበር። ፊልሙ ሠርግ ላይ ስለሚያስተናግዱ ሠራተኞች ነው ተባልን። እነሱ በፈረንሳይኛ ይናገራሉ፣ ከሥር በሆላንድኛ ይጻፋል፣ አድማሴ እያነበበ በአማርኛ ይነግረኛል፤ አንዱን ነግሮኝ ሳይጨርስ ሌሎቹ ያልፉታል። አድማሴ ሳምንቱን የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ የሚሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋና አሳላፊ የሚሆን ደግ ልጅ ነው። እኔ ከፊልሙ የገባኝ፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ትሪ ይዘው እንደሚሯሯጡ፣ አለቃቸው በላብ ተጠምቆ እንደሚጮኽ፣ ያሰቡት ሁሉ እንደሚበላሽባቸው ነው። አሳዘኑኝና አለቀስኩ። የሚያስቅ ፊልም መሆኑን ሌላዋ አሳላፊ ሐምራዊት የነገረችኝ ካለቀ በኋላ ነው። ሐምራዊት ዴንሃግ ስለ ሰብአዊ መብት ማስተርሷን የምትሠራ፣ የታዘዘችውን አንዲት ፊደል ሳታጎድል የምትፈጽም ልጅ ናት።

ዮሃና ግን አላለቀሰችም፣ አልሳቀችምም። እንደ ቅዳሴ ቆማ ነው ያየችው።

"አያችሁት አሳላፊውን?" አለች። "አንዴ ይጠይቃል። መልሱን ያከብራል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። ሰርቪስ ማለት ይሄ ነው።"

ያ አሳላፊ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ኬኩን እንደጣለው ማንም አላነሳባትም። እኔ ብቻ፣ የእኛ ሰው አንዴ ሲጠየቅ እሺ አይልም፣ ነውር ነው፣ ይለመናል እንጂ ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ።

"ኦማ" አለችኝ፤ አያት ማለቷ ነው በሆላንድኛ። "እንግዳ ትልቅ ሰው ነው፣ የሚፈልገውን ያውቃል። ኔ ካለ ኔ ነው።"

ኔ በእነሱ ቋንቋ አይ ማለት ነው። አባባሉን ማን እንደተናገረው አልነገረችንም፤ ግን ርቦት የማያውቅ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። በዚሁ አቅጣጫ ተቀምጦ ሥልጠናው በመልካም ሁኔታ ተጠናቀቀ።

የሠርጉ ቀን ከፐርኒስ ፋብሪካዎች በኩል የሚነፍሰው ነፋስ የሙሽራዋን ቬሎ ይዞ ሊሄድ ደርሶ ነበር፤ ጫፉን የረገጥኩት እኔ ነኝ፣ በኋላም ማነው ያቆሸሸው ሲባል አብሬ ጠየቅኩ። አዳራሹ በሁለት ተከፍሏል። በስተግራ የባስ ቤተሰብ፣ በስተቀኝ የእኛ ሰው። እንደ ወትሮው እያንዳንዱ ተነስቶ የሚያነሳበት ረጅም ጠረጴዛ የለም። ዮሃና "ያ ያለፈበት ነው" ብላ አስቀርታዋለች፤ እንግዳ ተቀምጦ ይጠየቃል።

በስተግራ ነገሩ እንደ ዘይት ሄደ። ሐምራዊት የባስን እናት፣ ሜፍራው ቲኔከን (ሜፍራው ወይዘሮ ማለት ነው)፣ ዶሮ ወጥ ይፈልጉ እንደሆን ጠየቀቻቸው። "ያ፣ ሌከር" አሉ፣ አዎ፣ ይጣፍጣል ማለታቸው ነው፤ በሉ። ሌላ ይጨመር? "ያ።" በሉ። የፈለጉትን እፈልጋለሁ የሚሉ ሰዎች፤ ሳያቸው ፈራሁላቸው፣ ሰው እንዲህ ውስጡን ገልጦ እንዴት ይኖራል።

በስተቀኝ ጋሽ ማንደፍሮ የክብር ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። ለዚህ ዶሮ ሲሉ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ ከፊታቸው ይነበባል። አድማሴ ጎንበስ አለ።

"ጋሽ ማንደፍሮ፣ ዶሮ ላቅርብልዎ?"

"አይ፣ አይ የኔ ልጅ። በልቼ ነው የወጣሁት። ለልጆቹ ስጥ።"

"እሺ" አለና አድማሴ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ።

ሁለተኛውን ልመና ሊገፋ የተዘጋጀው የጋሽ ማንደፍሮ እጅ አየር ላይ ቀረ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው፣ ዝንብ እንዳባረረ ሰው አድርገው መለሱት። ትልቁ ሰው ሳይበላ የሚበላ ጨዋ የለምና፣ ጠረጴዛው ሁሉ "በልተን ነው የመጣነው" አለ፤ ከዚያ ቀጣዩ ጠረጴዛ፣ ከዚያ የቀኙ ክንፍ በሙሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ዶሮው ሙሉ ድስት ሆኖ ወደ ጓዳ ተመለሰ። የቀኙ ክንፍ ውኃ እየጠጣ የግራውን ክንፍ አፍ ይመለከት ጀመር።

"በጣም አሪፍ እየሄደ ነው" ይላል ጆሮዬ ውስጥ የዮሃና ድምፅ። "ቅሬታ የሚባል የለም።"

እውነቷን ነው። አንድም ቅሬታ አልነበረም። ጋሽ ማንደፍሮ ያለ አንዳች ቅሬታ ተነስተው ኮታቸው ወደተሰቀለበት አመሩ።

እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም፣ ዮሃናን ጓዳ አገኘኋት።

"እሳቸው ሊሄዱ ነው" አልኳት። "ርቧቸዋል።"

"እሱ ራሱ አይ ብሎ የለ እንዴ?" አለች። ለጋሽ ማንደፍሮ "እሱ" ስትል ሁልጊዜ አንድ ነገር ይወጋኛል፤ ጊዜው ግን የሰዋስው አልነበረም።

"አይ ያሉት እሺ ለማለት ነው።"

"እሺ ማለት ሲፈልግ አይ ይላል?"

"አዎ።"

"አይ ማለት ሲፈልግስ?"

"ያው አይ ነው የሚሉት።"

"ታዲያ በምን ይለያል?"

"ዓይናቸውን ታያለሽ። ደግሞ ትለምኛለሽ። በሞቴ ትያለሽ፣ አፈር ስሆን ትያለሽ።"

ዮሃና በበሩ ስንጥቅ አየች። ጋሽ ማንደፍሮ አንድ እጃቸውን እጅጌው ውስጥ አስገብተዋል፤ ሁለተኛውን ለማስገባት ግን አልቸኮሉም። ሰው እንዲያያቸው ጊዜ እየሰጡ ነበር። የተማረ ሰው ስህተቱን ሲያውቅ አያለቅስም፣ መመሪያ ያወጣል። መስሚያውን ተጫነች።

"ሁላችሁም ስሙ። ከአሁን ጀምሮ አይ ማለት እሺ ማለት ነው። በሞቴ በሉ። እስኪበሉ እንዳትለቋቸው።"

"ለቀኞቹ ብቻ በያቸው እንጂ" አልኳት።

"ኦማ፣ በዚህ አገር እንግዳን ከእንግዳ መለየት ያስከስሳል።"

እንዲህ ሆኖ እኩልነት ወደ አዳራሹ ገባ። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም፤ እኛማ ሠርገኛው ሊሄድ ሲል ነው የቀነጠስነው። አድማሴ የኮት መስቀያው ጋ ደርሶ መንገዱን ዘጋ።

"በሞቴ ጋሼ።"

"ተው ልጄ፣ በቃኝ።"

"አፈር ስሆን።"

"ኧረ ተው።"

"አንድ እግር ብቻ። ለእኔ ሲሉ።"

"እንግዲህ እንዲህ ካስቸገርከኝ" አሉ ጋሽ ማንደፍሮ፣ እጃቸውንም ከእጅጌው በሚገርም ፍጥነት አወጡት። እሳቸው ሲቀመጡ የቀኙ ክንፍ አብሮ ተነፈሰ። ሁሉም እየተለመነ፣ እየተቆጣ፣ "ምን አደረግኩህ" እያለ በላ። ከደስታ ብዛት አንዲት ሴትዮ እልል አለች።

በስተግራ ግን መመሪያው ተግባራዊ የተደረገው ከጠገቡ በኋላ ነው። ሜፍራው ቲኔከ "ኔ፣ ዳንክ ኡ" አሉ፤ አይ፣ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። ሐምራዊት ጨመረችላቸው። እሳቸው ደግሞ ሳህን ላይ ምግብ መተው ኃጢአት ነው ተብለው ያደጉ ሴት ናቸው፤ ጨረሱት። ባዶ ሳህን ደግሞ በእኛ ቤት ያልጠገበ ሰው ምልክት ነው፤ ሐምራዊት ጨመረች። ኔ አሉ። ጨመረች። ጨረሱ። ሁለት ጥንታዊ ባሕሎች በአንድ ሳህን ላይ ተገናኝተው መውጫ አጡ።

አድማሴ ሊያግዛት መጣ። በሆላንድኛ በሞቴ የሚባል ነገር ስለሌለ ቃል በቃል ተረጎመላቸው፤ ይህን ካልበሉልኝ እሞታለሁ አላቸው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ሜፍራው ቲኔከ ደነገጡ። ወንድማቸው ሃውስአርትስ፣ ማለትም የቤተሰብ ሐኪም ነው፤ ጠሩት። ሐኪሙ አድማሴን ወንበር ላይ አስቀምጦ የደም ሥሩን ያዘና ከመቼ ጀምሮ እንደዚህ እንደሚሰማው ጠየቀው። አድማሴ ሁልጊዜ ነው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ አያቴም እንዲህ ይላሉ አለ። ሐኪሙ በቤተሰብ የሚመጣ መሆኑን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ሜፍራው ቲኔከ በዚህ መካከል የሰው ነፍስ ለማትረፍ የተጨመረላቸውን ክትፎ ጨረሱ።

ጋሽ ማንደፍሮ ይህን ሁሉ ከማዶ ያዩ ነበር። ጢማቸውን ጠርገው ቆሙ። ሙሽሮቹ ጉልበታቸውን ሊስሙ ቀረቡ፤ ባስ ሲንበረከክም ቁመቱ ከእሳቸው እኩል ነበር።

"እንግዳ የማይራብበት ቤት ይስጣችሁ" ብለው መረቁ፣ ብዙ መረቁ፣ ሁላችንም አሜን አልን። ከዚያ ወደ ግራ ዞሩ። "እውነቱን ልናገር፣ ከፈረንጅ ጋር መጋባት ፈርቼ ነበር። አይበሉም፣ አያበሉም ይባል ነበር። ዛሬ ግን እኒህን እናት አየኋቸው። አንድም ጊዜ እምቢ ሳይሉ፣ የሰጧቸውን ሁሉ ባዶ ሲያደርጉ። ይሄ ቤተሰብነት ነው።" ወደ ሙሽሮቹ ተመለሱ። "ጥሩ ሠርግ ነበር።"

ጆሮዬ ውስጥ አንዲት ልጅ ስታለቅስ ሰማሁ። የእኔንም እንባ መስሚያዋ ውስጥ እንዳይገባና እንዳያነዝረኝ ቶሎ ጠረግኩት። ሜፍራው ቲኔከ ንግግሩ ሲተረጎምላቸው ሊያመሰግኑ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ሐምራዊት አጎረሰቻቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ወንበር ገጥመው ጋደም አሉ።

እንግዳው ሲሸኝ የሰኔ ፀሐይ ገና አልገባችም። እኔ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ሰው ሳበላ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ጠልፎ የሚጥለው ሰው እንዳይኖር ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ዮሃና የተረፈችውን ዶሮ በዕቃ ይዛ መጣች፤ እንቁላሏ ከላይ ትታያለች።

"ኦማ፣ ትበያለሽ?"

"አይ፣ በቃኝ" አልኩ እንደ ወጉ። "ለልጆቹ ስጪ።"

"እሺ" አለች። ክዳኑን ገጠመችና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ።

እጄ አየር ላይ ቀረ።

"ደግሞ የሚቀጥለው ቅዳሜ አምስተርዳም ሌላ ሠርግ አግኝተናል" አለች። "ትመጫለሽ አይደል?"

"አልመጣም" አልኳት። ይሄ ወግ አልነበረም። ጉልበቴም፣ ጆሮዬም፣ ነፍሴም አብረው ነው ያሉት። "በፍጹም አልመጣም። እምቢ።"

ዮሃና ቀረብ ብላ፣ እንዳስተማርኳት፣ ዓይኔን ትክ ብላ አየችው።

"በሞቴ፣ አፈር ስሆን" አለችኝና ባጄን አቃናችልኝ። "ስድስት ሰው ቀጥሬ ነበር፣ አንቺ ካለሽ አምስት ይበቃኛል።"

እዚህ አገር ያደጉ ልጆች አማርኛ አይችሉም የሚሉ ሰዎች እሰማለሁ። ሐሰት ነው። የእኔዋ ለምግቡ ሆላንድኛ፣ ለሥራው አማርኛ አሳምራ ትችላለች።