ስምንት አምፔር የበላው ማን ነው?

ጎረቤት የሌለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ የሚለካ ጎረቤት የሌለው ግን በዚህች ምድር ላይ አልተፈጠረም። አንዱ የዝናብ ውሃ ይለካል፣ ሌላው የሰው አጥር። የእኛው ጎረቤት፣ ክቡር ጋሽ ቮልት፣ ኤሌክትሪክ ይለካሉ።

ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሞተር ጠጋኝ ናቸው። መለኪያቸው ከደረት ኪሳቸው አይለይም። "እንደምን አደሩ?" ስላቸው "ሁለት መቶ ሃያ ቮልት!" ይሉኛል፤ በጤና አድረዋል ማለት ነው። ጉንፋን ሲይዛቸው ሁለት መቶ አሥር ይወርዳሉ።

ማንቆርቆሪያ የገዛሁ ቀን ከእኔ ቀድመው ሰኩት። "እህቴ፣ አሥር አምፔር ይጠጣል። ቮልቱን ለአምፔሩ ያካፍሉ፤ ሃያ ሁለት ኦም፣ እሱ ግትርነቱ ነው። አሁን ያባዙ፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዋት፣ እሱ ጉልበቱ! ሳይለኩ መሰካት ሳያዩ መርገጥ ነው!" ውሃው ፈልቶ፣ ተኖ፣ አልቆ ነበር።

የልጅ ልጄ በተዳረች ዕለት የሠርጉ መኪና ሊመጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ፀጉር ሠሪዋ ሁለት ማድረቂያ ሰክታ የሙሽራይቱንና የሚዜዋን ፀጉር ታደርቃለች። ትንሽ እንደሠራች ብሬከሩ ጠቅ! መብራቱም ማድረቂያውም ጠፋ። አነሳነው፤ ደግሞ ጠቅ!

"እማማ፣ እንዲህ ሆኜ ልወጣ ነው?" አለችኝ የልጅ ልጄ፣ ውሃው በአንገቷ እየወረደ።

ጋሽ ቮልት ሳይጠሩ ደረሱ። ብሬከሩ ለእኛና ለእሳቸው ቤት አንድ ነው፤ ሃያ አምፔር ይችላል። "እያንዳንዱ ማድረቂያ ስምንት። ሁለቱ አሥራ ስድስት። ሊጠፋ አይችልም!" አሉና ብሬከሩን አንስተው ዋናውን ሽቦ ለኩ። ሃያ አራት!

ክው አሉ። "ስምንት አምፔር የሚበላ ሌባ አለ! በሁለት መቶ ሃያ ሲባዛ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ስድሳ ዋት። አምፖል አይደለም፣ ሬዲዮም አይደለም። የሚግል ነገር ነው! ማንም ንቅንቅ እንዳይል!"

ወጥ ቤቴን በረበሩት። ማንቆርቆሪያዬን በጉንጫቸው ሳይቀር ዳሰሱ፤ ቀዝቃዛ ነው።

"ጋሼ፣ ሙሽራይቱንም ይለኳት እንዴ?" አለች ፀጉር ሠሪዋ።

"እርጥብ ነች፤ አትለካም" አሉ ፍርጥም ብለው።

ያልተፈተሸ አንድ ቤት ቀረ፤ የራሳቸው። ተግተልትለን ገባን። ባለቤታቸው ካውያ ይዘው ቆመዋል።

"ምነው፣ ሰልፍ ነው?"

"ንቀይው!" አሉ ጋሽ ቮልት።

"ምን ነክቶሃል? 'ለሙሽራይቱ ክብር ኮቴን ቀጥ አድርገሽ ተኩሺልኝ' ያልከኝ አንተ አይደለህም? ገና አንድ እጅጌ ነው የጨረስኩት!"

ክቡርነታቸው ኮቱን አዩት፤ ያላቸው እሱ ብቻ ነው። ካውያውን በገዛ እጃቸው ነቀሉ። "ስምንት አምፔር ለሙሽራይቱ!" ብለው ሲጮሁ እልልታው ቤቱን አናጋው።

መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ የልጅ ልጄ ደረቅ ፀጉሯን እያዘናፈለች ወጣች። ፎቶ አንሺው ሲያሰልፈን ጋሽ ቮልት ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አንዱ እጅጌያቸው ቢላዋ ነው፣ ሌላው የታኘከ ወረቀት።

"እኔ ልቅር እህቴ፣ ፎቶውን አበላሻለሁ።"

የተጨማደደውን ክንዳቸውን ይዤ ከፊት አቆምኳቸው።

"ዝም ብለው ይቁሙ!" አልኳቸው፤ "የልጄን ፀጉር ያደረቀው ይኸው እጅጌ ነው።"