ፀጉር ያልነቀለ መድኃኒት

በሽተኛ ሊጠይቁ መጥተው ስቃይ ካላዩ የሚከፋቸው ሰዎች አላጋጠሟችሁም? እኛ ሰፈር ቀራንዮ ሞልተዋል። ባለቤቴ የካንሰር ኪኒን ስትጀምር ጎረቤታችን እትዬ ፀሐይ ብርቱካንና የተዘጋጀ እንባ ይዘው መጡ። የባለቤቴን ሹሩባ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ፀጉርሽ አለ እንዴ? የእህቴማ ቅንድቧ ሳይቀር ነው የረገፈው። ይሄ መድኃኒት አይደለም ልጄ፣ ውሃ ነው።»

ባለቤቴ አመነቻቸውና ኪኒኑን ተወች። ለምኜ ሐኪሟ ጋ ወሰድኳት።

«ኪኒኑ ሲዋጥ ገና መርዝ አልሆነም፤ በአብዛኛው መርዝ የሚሆነው የካንሰሩ ዕጢ ጋ ሲደርስ ነው። ፀጉርሽን ያልነካው ለዚህ ነው» አላት ሐኪሙ።

ክብሪትስ ኪስ ውስጥ ይነዳል እንዴ? ኪኒኗን ቀጠለች። አሁን እትዬ ፀሐይ ሲመጡ ሹሩባዋን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ ትሸፍናለች።

«ተመስገን፣ አሁን ገና መድኃኒት ሰጡሽ» ይላሉ፣ ደስ ብሏቸው።