ስፕሪስ የጠጣው ሰርግ

ላፕቶፕን የፈለሰፉት ሰዎች ቤታቸው እንግዳ መጥቶባቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። መጥቶ ቢያውቅማ ኖሮ ቁልፎቹን እንዲህ ክፍት ለክፍት ደርድረው፣ ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጠው አይሠሩትም ነበር። እኛ ዘንድ ሱቅ የገባ ሰው ጉሮሮው ደርቆ አይወጣም። ውሃም ይሁን ለስላሳ አንድ ነገር ይቀርብለታል። የሚቀርብለት ደግሞ ባዶ ቦታ ላይ ነው፤ መርካቶ ውስጥ ባዶ ቦታ ማለት ከላፕቶፑ ጎን የተረፈችው መዳፍ የምታህል ጠረጴዛ ናት። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ይፈስ ይሆን ወይ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ይፈሳል። የሚያስጨንቀው ማን ያፈሰዋል የሚለው ነው። ራሳችሁ ካፈሰሳችሁት ተገላገላችሁ፤ ራሳችሁን ትሰድባላችሁ፣ ወዲያው ታራግፉታላችሁ። እንግዳ ሲያፈስ ግን ጉድ ፈላ።

እኔ የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። ከሶማሌ ተራ ወደ አብነት ስትወርዱ ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ፣ ሊፍቱ ከተመረቀ ጀምሮ ባረፈበት ሕንጻ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል አለችኝ። ሰርግ የሚያልቀው ድንኳኑ ሲነቀል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ተሳስቷል። ሰርግ የሚያልቀው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዱ መጥቶ ቦርጬን ቀንስልኝ ይላል። አንዷ፣ ያ ሚዜ ዕዳውን ሳይከፍል የምን መጨፈር ነው፣ አውጣልኝ ትላለች። እኔም ሰውን በመቀስ ሳይሆን በጣት አወጣለሁ፣ አስገባለሁ። ሽማግሌ ያቃተውን ጠብ ስንቴ በአንድ ቁልፍ እንደጨረስኩት ብነግራችሁ ጉራ ይሆንብኛል።

እትዬ ጥሩወርቅ የመጡትም ለዚሁ ነበር። ሴትየዋ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ፣ ድምፃቸውን ግድግዳ የማያቆመው፣ ልባቸው ግን የዋህ የሆነ የጎጃም ሰው ናቸው። የልጃቸውን ሰርግ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። በሳምንቱ መጀመሪያ ደውለው፣ «ብርቄን አውጣልኝ» አሉኝ። እትዬ ብርቄ የባላቸው እህት ናቸው። ጥፋታቸው፣ የመልሱ ቀን በሰው ፊት «ጠጁ ውሃ በዝቶበታል» አሉ መባላቸው ነው። አሉ ተባለ ነው እንግዲህ። በጆሮው የሰማ አንድም ሰው አላገኘሁም፤ የተቆጣ ግን ሞልቷል።

ማውጣቱ ቀላል መስሎኝ ጀመርኩት። እትዬ ብርቄ የሌሉበት ቦታ የለም። ኬክ ሲቆረስ ቢላዋ የሚያቀብሉ እሳቸው፣ ሙሽሪት ስትስቅ ከትከሻዋ ኋላ የሚስቁ እሳቸው፣ ካሜራው ወደ ሰማይ ቀና ሲል እንኳ እልልታቸው ይደርስበታል። እሳቸውን ባወጣሁ ቁጥር ሙሽራው ተከትሏቸው ይወጣል። ቢሆንም የታዘዘ ሰው ነኝና፣ የቆረጥኩትን ሁሉ ላፕቶፑ እንዳይጨናነቅ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ እያሻገርኩ፣ ላፕቶፑ ላይ እትዬ ብርቄ የሌሉበትን ንጹሕ ሰርግ አስቀረሁ። ንጹሕ ነው፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ።

እትዬ ጥሩወርቅ ሥራውን ሊያዩ በረፋዱ መጡ። ደረጃው አድክሟቸው ስለነበር ከታች ካለው ጁስ ቤት ስፕሪስ አዘዝኩላቸው። አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከመሐል፣ ፓፓያው ከላይ፣ ከአናቱ ሽሮፕ የፈሰሰበት፣ ማንኪያ የሚያቆም ወፍራም ስፕሪስ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥነው። ፊልሙን ከፈትኩት። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲያዩ ቆዩና አንድ ቦታ ላይ፣ ከድንኳኑ ጥግ፣ እኔን ያመለጠች አንዲት ግማሽ ፊት ታየች።

«ይቺውልህ» አሉ፣ ክንዳቸውን ሰንዝረው።

የነጠላቸው ጫፍ ብርጭቆዋን ይዟት ሄደ።

የሚደረገውን አውቃለሁ። ማንም ያውቀዋል። ላፕቶፕ ፈሳሽ ሲነካው ወዲያው ታጠፋዋለህ፣ ገመዱን ትነቅላለህ፣ በአፍጢሙ ደፍተህ ታንጠባጥበዋለህ፣ ከዚያ ባለሙያ ጋ እስክታደርስ ድረስ እንዳትከፍተው። ይህ ሁሉ ትንፋሽ ሳይዋጥ የሚያልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ይህን ምክር የጻፈ ሰው እትዬ ጥሩወርቅን አያውቃቸውም። እጄን ልሰድ ስል ሴትየዋ ቀድመውኝ በነጠላቸው መጥረግ ጀምረዋል። ያውም በጥንቃቄ፣ አንዷን ቁልፍ ከሌላዋ ሳያበላልጡ፣ ጫን ጫን እያደረጉ፤ ማንጎው ለአንዷም ሳይዳረስ እንዳይቀር። ታዲያ እናት የምታህልን ሴት፣ የደነገጠችን እንግዳ፣ እጇን ገፍቼ ላፕቶፑን ልንጠቅ? ምን ትለኝ? ይሉኝታ እንደሆነ ውሃ የማይገባው ዕቃ ነው፤ ላፕቶፕ ሲሰጥም እሱ ይንሳፈፋል።

«ምንም አይደል እትዬ፣ ይተዉት» አልኩ።

«እንዴት ምንም አይደል? ቁልፎቹ እኮ ተጣበቁ።»

«ይደርቃል።»

እኔ ይደርቃል ስል ላፕቶፑ ማንም ሳያዘው ፊልሙን ወደ ፊት ይነዳው ጀመር። መኪኖቹ እየበረሩ ገቡ፣ እንግዶቹ እየሮጡ በሉ። ከዚያም ያቺ ግማሽ ፊት ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ምስሉ ቆሞ ድምፁ ብቻ ሲደጋገም፣ የእትዬ ብርቄ እልልታ ክፍሏን ሞላት። ድምፁን ልቀንስ ብዬ ስጫን ጨመረ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን እንደያዙ ዓይናቸውን በላፕቶፑ ማያ ላይ ተክለው፣ ብርቄ ሆን ብላ ያደረገችው ያህል አኮረፉ። በመጨረሻ አንዲት ቀጭን የጭስ ሽታ መጣችና ማያው ጨለመ። እልልታውም ቆመ።

እልልታውን ሰምቶ የመጣው ግን አልቆመም። መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤቴ ጋሼ ሸረፋ ናቸው፤ እህል በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ ለሁሉም ነገር መድኃኒት የማያጡ የጉራጌ ነጋዴ። ጋሼ ሸረፋ ነገሩን አንዴ አይተው፣ «ሩዝ» አሉ። ለስልክ ነው የሚባለው፣ ያውም አይሠራም ልላቸው አፌን ስከፍት ሩዙን በጆንያ የተሸከመው ሰው ደረጃውን ጨርሷል። ላፕቶፑን እዚያው ጆንያው ውስጥ ቀበርነው። ቀበርነው ስላችሁ ለማሳመር አይደለም። ጎረቤት በሙሉ መጥቶ ጆንያውን ከቦ ቆመ። አንዱ ምን ነበር ይላል፤ ሌላው ስፕሪስ ነው አሉ ይለዋል፤ እሱም ከንፈሩን ይመጥጣል። «ዋናው ጤና ነው» ያሉኝን ሰዎች ብዛት ቆጥሬ አልዘልቀውም። አንዷ ሴት እንዲያውም ነገሩ ሳይገባት ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰችና፣ ላፕቶፕ መሆኑን ስትሰማ ተናዳ ሄደች።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ። ስፕሪስ ይታፈሳል፤ በማንኪያ። ይህን ያወቅሁት የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ሚኪ ዘንድ ስደርስ ነው። ሚኪ የላፕቶፑን ሆድ ፈቶ በመብራት አየው። አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከመሐል ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ተኝቷል፤ በየቀዳዳው ሩዝ ተሰግስጓል።

«ምሳ ነው ያመጣህልኝ?» አለኝ።

የምስራች እየጠበቅሁ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሚኪ ጠረገ፣ ነካካ፣ ደጋግሞ ሞከረ፤ ስኳሩ ቦርዱን በልቶታል። የፋይሉ ማስቀመጫም እዚያው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነውና አብሮ ሄዷል። ካሜራው ውስጥ የነበረው ካርድ ደግሞ ተጠርጎ ሌላ ሰርግ ውሏል፤ በእኛ ሥራ ካርድ ማለት እንደ ድንኳን ነው፣ ከአንዱ ግቢ ተነቅሎ ሌላው ግቢ ይተከላል። ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ስወጣ የሚከነክነኝ እሱ አልነበረም። ላፕቶፕ ይገዛል። የአንዲት ልጅ ሰርግ ግን በአንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ጠፋ። አፍሳሿ ደግሞ የገዛ እናቷ ናት፤ ይህንን ማን በምን አፉ ይናገራል?

አንድ ነገር ትዝ ያለኝ እቤቴ ገብቼ እጄን ስታጠብ ነው። ያ ሃርድ ዲስክ። የምጥለውን ሁሉ ያሻገርኩበት።

በማግስቱ ኮምፒውተር ተውሼ ከፈትኩት። ፊልሞቹ በሙሉ አሉ፤ የሚጣሉት በሙሉ። ኬኩ አለ፣ ቀለበቱ አለ፣ ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ አለ፣ ጭፈራው አለ። እትዬ ብርቄ ያልነበሩበት ቁም ነገር ስላልነበረ፣ ቁም ነገሩ በሙሉ ከሳቸው ጋር ተጥሎ ከሳቸው ጋር ተርፏል። የጠፋው የምግብ ጠረጴዛው፣ አበባውና መኪኖቹ ናቸው።

እትዬ ጥሩወርቅን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዛሬ የሚጠጣ አልፈልግም ብለው ነው የተቀመጡት። ከሁለት አንዱ ነው አልኳቸው፤ ወይ እትዬ ብርቄ ያሉበት ሰርግ፣ ወይ ምንም። «እስቲ ክፈተው» አሉ፣ የመረረ መድኃኒት እንደሚቀበል ሰው።

ከፈትኩት። ፊታቸውን እንደቋጠሩ ብዙ ነገር አለፈ። ከዚያ ሙሽሪት ከቤት የምትወጣበት ቦታ መጣ። እኔ ይህንን የጣልኩት የእትዬ ብርቄ ጀርባ ካሜራውን ስለጋረደው ነበር። አሁን ድጋሚ ሳየው ነው የገባኝ። ልጅቷ መኪና ውስጥ ስትገባ እትዬ ጥሩወርቅ ግድግዳ ተደግፈው ያለቅሳሉ፤ እንባ ብቻ አይደለም፣ አፍንጫም፣ መቀነትም፣ ሁሉም ነገር ተፈትቷል። እኔ ካሜራዬን ይዤ ስጠጋ እትዬ ብርቄ ከየት መጡ ሳይባል መሐል ገቡ። ነጠላቸውን እንደ መጋረጃ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ወደ ግራ ስዞር ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስዞር ወደ ቀኝ። ከመጋረጃው ኋላ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል፤ «አልቅሺ፣ አይዞሽ፣ አያይሽም።»

እትዬ ጥሩወርቅ መልሰው እንዳሳያቸው በእጃቸው ጠቆሙኝ። መለስኩት።

«እኔ እኮ ብቻዬን ያለቀስኩ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ስለ ጠጁ ምንም አላሉም። እኔም አላነሳሁም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ተዋት» አሉኝ። ቀጠል አድርገው ደግሞ፣ «እልልታዋን ብቻ ትንሽ ቀንሰው።»

ቀነስኩት። ፊልሙ ተሠርቶ ተሰጠ፤ ቤተሰቡ አንድ ላይ ሆኖ አየው፤ እትዬ ብርቄም ተጠርተው መጡና አዩት፤ ሁሉም ደስ አለው ተባልኩ። እፎይ አልኩ። እፎይ ያልኩት ቶሎ ነው።

ስልክ ተደወለ። የሙሽሪት አባት፣ ጋሼ ዓለሙ ናቸው። ከሳቸው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርተን አናውቅም፤ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው የባለቤታቸውና የእህታቸው ነው።

«ልጄ፣ ፊልሙን አየሁት። ቆንጆ ነው» አሉኝ። ከዚያ፣ «እኔ ግን ሰርጉ ላይ ነበርኩ ወይ?»

«እንዴ፣ ነበሩ ጋሼ።»

«እኔም ነበርኩ ብዬ ነው የማስበው።»

ሮጬ ሃርድ ዲስኩን ፈተሽኩ። የሉም። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆመው ግቡ፣ ግቡ እያሉ እንግዳ ሲቀበሉ ነው የዋሉት፤ እህታቸው ደግሞ ውስጥ። ወንድምና እህት አንድም ጊዜ ካሜራዬ ፊት አልተገናኙም። እኔም የአባትየውን ምስል ማንም አውጣልኝ ስላላለ ላፕቶፑ ላይ ከንጹሑ ሰርግ ጋር አኑሬው ነበር። አያችሁ ነገሩን። የተጣላ ሰው ተረፈ፤ ከማንም ያልተጣላው ስፕሪስ ጠጣው።

ይህንን ይዤ መተኛት ስላቃተኝ እሑድ ካሜራዬን ተሸክሜ አብነት አካባቢ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ ዓለሙ የሰርጉን ሱፍ ለብሰው፣ ከረባታቸውን አጥብቀው ጠበቁኝ። በሩን ወለል አድርገን ከፈትን። «እንደዚያን ቀን ይቁሙ» አልኳቸው። ቆሙ። ማንም በሌለበት እጃቸውን ዘርግተው፣ ጎንበስ እያሉ፣ ግቡ፣ ግቡ አሉ። እንዴት እንዳማረባቸው።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ አንድ ጎረቤት ደጁ ላይ ደረሰ። ሱፉን አየ፣ ካሜራውን አየ፣ የተከፈተውን በር አየ። «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ ዓለሙ» አለና ገባ። ከኋላው ሚስቱ ገባች። ከሚስቱ ኋላ ሁለት አሮጊቶች ገቡ። ጋሼ ዓለሙ አንድ ጊዜ ሰው አስገቡ የተባሉ ሰው ናቸውና፣ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳይነቅሉ ለሁሉም ያንኑ ሰላምታ፣ ያንኑ ግቡ ይሰጣሉ። እኔም እውነተኛ እንግዳ ሲገባ ምስሉ ስለሚያምርልኝ አላስቆምኳቸውም።

እትዬ ጥሩወርቅ ሽንኩርት የነካው እጃቸውን ወደ ላይ እንደያዙ ከጓዳ ብቅ አሉ። ሳሎኑ ሞልቷል።

«ዓለሙ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?»

«እንግዶች ናቸው» አሉ ጋሼ ዓለሙ፣ ፈገግታቸውን ለካሜራው ሳያጎድሉ። «የሚቀመስ አቅርቢላቸው እንጂ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ በሩ አዩ፣ ወደኔ አዩ፤ ሌላ አሮጊት በመግባት ላይ ነበሩ። ከዚያ በክርናቸው ስልካቸውን ከጠረጴዛው ላይ ሳብ አድርገው ደወሉ።

«ብርቄ፣ የት ነሽ? ቶሎ ነይ። ትልቁን ድስትሽን ይዘሽ ነይ።»