ሸክላውና የጋሼ ንጉሤ ጉልበት

እኔ ባል ያገባሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ሸክላ ነው ያገባሁት! ዳዊትን ቅዳሜ ወተት ግዛ ብዬ ስልከው፣ ወተቱን ረስቶ የጋና ዘፈን ሸክላ ታቅፎ ይመጣል። ከጋና ካልሆነ ከቤኒን። የድሮ ፈንክ ነው፣ የዳንስ ነው ይለኛል፣ አቧራውን በእጅጌው እየጠረገ። ሽፋኑ ላይ ሱሪያቸው መንገድ የሚጠርግ ጎረምሶች ቆመዋል። እሱ ሲያጫውት እኔ የወጥ ቤቱን በር እዘጋለሁ።

አሁን ስሙኝማ። የዳዊት አባት ጋሼ ንጉሤ እዚህ ስደት አገር፣ ሴንት አልባንስ የሚባል ሰፈር ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ወጡ። ጉልበታቸውን የምታሠራቸው ፊዚዮዋ በየቀኑ ካላጠፉትና ካልዘረጉት እንደደረቀ ይቀራል፣ መራመድም የለም ብላ አስጠነቀቀችን። እሳቸው ይሰማሉ ታዲያ? በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ስፖርት አልሠራም ብለው ሶፋው ላይ ተተከሉ። ብንለምን፣ ብንቆጣ፣ ወይ ፍንክች! ቅዳሴ ቆመው የሚያስቀድሱ ሰው ዊልቸር ላይ ሊቀሩብን ነው ብዬ ፈራሁ። ዳዊትማ አባቱን እያየ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ዳዊት ክሬጊበርን ካለው መጋዘን የሥራ ሺፍት ገብቷል። ዝናቡ ያካፋል። የጋሼ ዝምታ ሲከብደኝ ከሸክላዎቹ አንዱን አነሳሁና ማጫወቻው ላይ ጣል አደረግሁት። ወይ ጉድ! ከበሮው እየተንቀራፈፈ ይመጣል። ጥሩምባው ያዛጋል። ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ቤቱ ተንሳፈፈ ልበላችሁ? ዝናቡ እንኳ ረጋ ብሎ የሚወርድ መሰለኝ። ዘወር ስል ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ እግራቸው ግን ይሄዳል። ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል። “ይሄ የኛው ትዝታ ነው፤ ቋንቋውን ብቻ ነው የቀየሩት” አሉኝ፣ በሕልማቸው እንደሚያወሩ ሁሉ።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት “ያንን አምጪልኝ” ሆነ። ፊዚዮዋ ምን ብታደርጉት ነው ብላ ተገረመች። እኔ በሆዴ ጋናዎችን መረቅሁ። ከሶፋው ተነስቶ መራመዱ ብቻ ቀረን።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ኮፊ በሩን አንኳኳ። የጋና ሰው ነው። የአገሬን ዘፈን ማን ነው የሚያሠቃየው ብሎ እየሳቀ ገባ። ማጫወቻውን ሲያይ ራሱን ያዘ። ለካ ይሄኛው ሸክላ ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ መዞር ነበረበት፤ እኔ የፍጥነቱን ቁልፍ ሳልነካ በዝግታ ሳጫውተው ከርሜያለሁ። ኮፊ ጠቅ አደረገው። አቤት! ከበሮው ተንጣጣ፣ ጥሩምባው ጮኸ፣ ኮፊ ምንጣፋችን ላይ ወገቡን ይነቀንቅ ጀመር። እኔ መሬት ዋጪኝ አልኩ። የሰው ጭፈራ ይዘን ስንተክዝ ከርመናል እኮ! ደግሞስ ጋሼ እግራቸውን ቢያቆሙስ?

አቆሙ! ግን እንግዳ ነውና ፈገግ እንዳሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ዘፈኑ እንዳለቀ “ቴንኪው፣ ልጄ” አሉና ብድግ አሉ። ብድግ ነው የምላችሁ፣ ያለ እኔ ክንድ! እንግዳ ሳይሸኙ ይቀራል? ኮፊን በኮሪደሩ፣ በበሩ፣ እስከ ውጭው አጥር ድረስ ሸኙት። ምርኩዛቸው ሶፋው ላይ ቀርቷል። እኔ በሩን ተደግፌ አለቀስኩ።

እያለከለኩ ተመለሱ። “ጋሼ፣ ተራመዱ እኮ!” አልኳቸው።

“ምን ላድርግ ታዲያ?” አሉኝ። “ደግ ልጅ ነው፤ ግን ካልሸኘሁት አይሄድ። ዘፈናችንን አበላሽቶብናል፣ በይ ቶሎ ወደ ቀድሞው መልሺልኝ።”